ውዳሴ ቦክስ ፋይል

በአገራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሳያረፍድ፣ ሳይረብሽ፣ ደብተር ሳይረሳና ሳይርበው ዓመቱን ሙሉ በቦታው የሚገኝ ቢኖር ቦክስ ፋይል ብቻ ነው። ልጅ ከብት ሊያግድ ይቀራል። መምህር ደመወዙ ዘግይቶበት ወረዳ ይመላለሳል። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ይጠራል። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ይደርሳል፣ እሱም ሽፋኑ የለም። ቦክስ ፋይሉ ግን ጀርባው ላይ «መማር ማስተማር»፣ «ምቹ የትምህርት አካባቢ»፣ «አመራርና አስተዳደር»፣ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ከርዕሰ መምህሩ ወንበር ጀርባ በተርታ ቆሞ ይጠብቃል። ትምህርት ቤት ልንመዝን ከተነሣን ከዚህ የታመነ ተመዛኝ ከየት ይመጣል? ልጅን መመዘን አድካሚ ነው፤ ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ያልተጠየቀውን ይናገራል። ፋይል የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። «ወረቀት ስትመዝኑ ልጆቹን ረሳችኋቸው» እያሉ የሚነጫነጩ ሰዎች ይህ ጥቅም አልታያቸውምና፣ ስለ ፋይሉ አንድ ሰው ሊከራከርለት ይገባል።

ለነገረኛ በር ላለመክፈት ከሰነዱ እንጀምር። ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት። ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ነው፤ 70 ያልሞላ ደረጃ 2፣ 90 ያልሞላ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4። ደረጃ 3ን የረገጠ «ስታንዳርዱን አሟላ» ይባልለታል። ሰነዱን አንብቦ የሚነቅፍ ሰው በእውነቱ ነገር ፈላጊ ነው። ክፍል ገብታችሁ ትምህርቱን ታዘቡ ይላል፣ ወላጅና ተማሪ አነጋግሩ ይላል፣ ትልቁን ድርሻም ለውጤት ሰጥቷል። እንደተጻፈው ቢፈጸም እኔም የማሾፍበት አጥቼ አርፌ እቀመጥ ነበር። ደግነቱ፣ በጥቂት ቀን ቆይታ 26 ስታንዳርድ የሚያዳርስ ቡድን ከልጅ ጋር ለመጫወት ጊዜ የለውም። ስለዚህ በየስታንዳርዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ማስረጃ አለ?» ከዚህች ጥያቄ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ሰነዱን ከጻፉት ሰዎች እጅ ወጥቶ በእኛ ብልሃት ይመራል።

ሂደት ከሚባለው 35 በመቶ እንነሣ። መምህሩ ማስተማሩን የሚያሳየው ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ ነው። የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ደቂቃ፣ ምዘና ተብሎ በሰንጠረዥ ተከፋፍሏል። ብዙ ቦታ ይህ ዕቅድ የዓምናው ነው፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል፤ ዩኒት ሊደሩም የሳምንቱን ፊርማ ዓርብ ከሰዓት በአንድ ትንፋሽ ያሳርፋል። ምን ነውር አለው? ሁለት ሲደመር ሁለት ዓምናም አራት ነበር። ለደካማ ተማሪዎች ቱቶሪያል መሰጠቱ በስም ዝርዝርና በፊርማ ይረጋገጣል፤ የሃያ ልጅ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ የእጅ ጽሑፍ መገኘቱ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የዳበረውን የአንድነት መንፈስ ያሳያል ብለን በቅንነት እንውሰደው። ተግባራዊ ምርምርም አለ። ተማሪዎች ለምን እንደሚያረፍዱ በየዓመቱ ይጠናል፣ በየዓመቱም ወላጆች ግንዛቤ እንዲጨብጡ በመምከር ይደመደማል። ክፍል ምልከታው ሲመጣ ደግሞ ኢንስፔክተሩ የሚገባበት ክፍል አስቀድሞ ይታወቃል። ልጆቹ ትምህርቱን ባለፈው ሳምንት ተምረውታል፤ መልሱን በኅብረት ይጮኹታል፣ ለመላሹም ሦስት ጊዜ ይጨበጨብለታል። ከጭብጨባው መሀል የትኛው ልጅ እንደማያነብ ለመለየት የሚሞክር ኢንስፔክተር ቢኖር የእንግዳ ባሕርይ አያውቅም ማለት ነው።

አመራሩ ላይ ስንደርስ ዘዴው ይበልጥ ይረቅቃል። ሁለት ርዕሰ መምህራን እናስብ። አንደኛው ሰኞ ጠዋት 2ኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጆቹ ሲያነቡ ያዳምጣል፤ ፊደል ያለየው ማን እንደሆነ በስም ያውቃል፤ የታመመች መምህርት ክፍል ገብቶ ይሸፍናል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመምህራኑ ጎበዟን አንስቶ 1ኛ ክፍል ይመድባታል። ሁለተኛው የአመራር ኮሚቴውን ይሰበስባል፣ ቃለ ጉባኤ ያስይዛል፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረትን (ወተመህን) አስፈርሞ ማኅተም ይመታል፣ ባነር አሰቅሎ ፎቶ ያስነሣል፣ ከአጎራባች ትምህርት ቤትም ልምድ ልውውጥ ያደርጋል። የመጀመሪያው ሰው ከሠራው ውስጥ ቅጽ የተዘጋጀለት አንድም ነገር የለም። ሱፐርቫይዘሩ ከጉድኝት ማዕከሉ ሲመጣ ያልተጻፈ ሥራ አልተሠራምና «ሰነድ አያያዝ ላይ ክፍተት ታይቷል» ይባላል፤ ሁለተኛው ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ይቀመራል። ይህን ያየ ሦስተኛ ርዕሰ መምህር ከማን እንደሚማር መገመት አያቅትም። የመምህራን ድልድሉም እንዲሁ ነው። ከውጭ በሚመጣ ክልላዊ ፈተና የሚታዩት 6ኛና 8ኛ ክፍል ስለሆኑ ብርቱው መምህር ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይላካል፤ ልጅ ማንበብ የሚጀምርበት ወይም ጨርሶ የማይጀምርበት 1ኛ ክፍል ለተረፈው ይሰጣል። ርዕሰ መምህሩ ሞኝ አይደለም። የሚመዘንበትን አውቆ፣ ያለውን ሀብት የሚመዘንበት ቦታ ያፈሳል። አመራር ሀብትን ወደ ውጤት መምራት ከሆነ እንከን የለውም።

«ቆይ እንጂ፣ ውጤት 40 በመቶ ይዟል አላልክም?» የሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል። ብያለሁ፤ ውዳሴው የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ውጤት ማለት በአብዛኛው ስንት ልጅ ተዛወረ፣ ስንቱ ደገመ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ በየትምህርቱ ስንቱ 50ና ከዚያ በላይ አመጣ ማለት ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ነጻ ዝውውር ሲሠራበት ቆይቷል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕፃኑ በተከታታይ ምዘና እየታየ፣ ወደ ኋላ ሲቀር እየተደገፈ ከእኩዮቹ ጋር እንዲሄድ ነበር የታሰበው። በተግባር ዝውውሩን ልጁ ወሰደ፣ ድጋፉን ፋይሉ። ከዚያ በላይ ባሉት ክፍሎች ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ማርክ ሊስቱን የሚሞላው መምህሩ ነው፤ ሥራ አፈጻጸሙ የሚሞላለትም ያንኑ ማርክ ሊስት ተመልክቶ ነው። ቅቤ ሻጭ ሚዛኑንም ድንጋዩንም ራሷ ይዛ የመጣች እንደሆነ ቅቤው ጎደለ የሚል ገዥ አይኖርም። ለክፍል ሥራ፣ ለቤት ሥራ፣ ለተሳትፎ፣ ለደብተር አያያዝ ነጥብ ሲታደል ልጁ የመጨረሻው ፈተና ወረቀት ፊት የሚቀርበው ማለፉ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ርዕሰ መምህሩ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት «ከ50 በታች ለምን በዛ?» ብሎ አንዴ ከጠየቀ በሁለተኛው መንፈቅ መድገም አያስፈልገውም። ማንም አልዋሸም፣ ማንም «ጨምር» አላለም። ሮስተሩ በራሱ ጊዜ አማረበት።

የሚያሳዝነው፣ ሚዛኑ ከባለቤቱ እጅ የወጣባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አሉ፤ ፋይልን የሚያሙ ሰዎች ሁልጊዜ የሚመዝዙትም እነዚህኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ዘዴው እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነው፤ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ፣ በሚማርበት ቋንቋ የተጻፈች አጭር ታሪክ ሰጥቶ «አንብብ» ማለት። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከታሪኩ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ያለ ጥርጥር በማርክ ሊስት ላይ የቋንቋ ውጤት ነበራቸው። ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። ተማሪው ከገዛ ትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በማያውቀው ፈታኝ ፊት ተቀመጠ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ሆነ። በማግሥቱ ዓመት 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። 12ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ አይደለም፤ በዚያ ላይ ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር። እውነት ነው፣ ሁለቱም ድርሻቸውን ወስደዋል፤ ትምህርት ቤቱ የፈረሰበትን ልጅ ውጤት ይዞ መሳለቅ ነውር ነው። ነገር ግን ክፍል ሳይደግሙ የመጡት የ2014 ተፈታኞች 1ኛ ክፍል የገቡት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ኢንስፔክሽኑ ሥራ ሲጀምር 4ኛ ክፍል ደርሰዋል። እስከ 8ኛ በተጓዙባቸው ዓመታት በየፋይሉ ውስጥ ጥራት ሲሻሻል፣ መጠነ መድገም ሲቀንስ፣ «ክፍተት» እየተለየ «አቅጣጫ ሲቀመጥ» ኖሯል። ኮሮናና ጦርነት ከመቶ ሃምሳ የነበረውን ወደ ሠላሳ ያወርዱት ይሆናል። ወደ ሦስት ለማውረድ ግን ከሥር አስቀድሞ የተቦረቦረ ነገር መኖር አለበት። ከኮሮናም ከጦርነቱም አሥር ዓመት ቀድሞ የተደረገው የንባብ ምዘና ቦርቧሪው የት እንደሚኖር ጠቁሞ ነበር፤ 2ኛ ክፍል።

ሌላው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው፣ ለፋይሉ ወዳጆችም ባለውለታ ነው። ኢንስፔክሽኑ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ደረጃ 4 በሆነ ነበር፤ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ግን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ደጋግሞ አስታውቋል። እንግዲህ መዛኙ ደፋር ነው ማለት አይደለም? በከፊል ነው። ነገር ግን ምኑ ላይ እንደሚደፍር እንይ። ሽንት ቤት በቃለ ጉባኤ አይቆፈርም፤ ውሃ በፊርማ አይፈስም፤ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው፣ ወለሉ አፈር የሆነው ክፍል በቦክስ ፋይል አይሸፈንም። ዓይን የሚያየው ነገር ነጥብ ይነሣበታል፣ መነሣትም አለበት። ዓይን የማያየው፣ ማለትም ሕፃኑ ምን ተማረ የሚለው፣ በሰነድ ሲደጎም ይኖራል። ስለዚህ የምዘናው ድምር ትምህርት ቤቱ የጎደለው ግንብና ቆርቆሮ እንደሆነ ይነግረናል፤ መፍትሔውም ወደዚያው ያዘነብላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡን አስተባብሮ ትምህርት ቤት ሲያድስና ሲገነባ ማየት ደስ ይላል፤ ዝናብ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ማንም አይማርም። ቆርቆሮ ግን ዝናብ እንጂ መሃይምነት አይከለክልም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃው ከ1 ወደ 3 ቢያድግ፣ ልጁ ያንኑ ያላነበበውን ገጽ በአዲስ ክፍል ውስጥ ይዞ ይቀመጣል።

«ፖሊሲው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው» የሚለውን ጥንታዊ ጸሎት የሚደግሙም አሉ። እንደነሱ ከሆነ መምህሩ ፋይል የሚያሳምረው ሥልጠና ስላልወሰደ ነው፤ ሥልጠና ይሰጠው። ይሰጠውና ምን ያድርግ? ርዕሰ መምህሩ የሚመዘነው ወረዳው በሚያየው ወረቀት ነው። ወረዳው ዞኑ ፊት የሚቀርበው የርዕሰ መምህራኑን ወረቀት ደምሮ ነው። ዞኑ የወረዳዎቹን፣ ክልሉ የዞኖቹን ይደምራል። በዚህ መሰላል ላይ እታች ያለው ልጅ አለማንበቡ ቢታወቅ የሚጠቀም አንድም ባለሥልጣን የለም፤ ቢታወቅ የሚጎዱት ግን ሁሉም ናቸው። እውነተኛ ቁጥር ይዞ የመጣ ርዕሰ መምህር በወረዳው ግምገማ ላይ የሚጠብቀው «ለምን አልሠራህም?» የሚል ጥያቄ ነው፤ «ምን እንርዳህ?» የሚለው በአጀንዳው አልተያዘም። ያማረ ቁጥር ያመጣው ሞዴል ተብሎ ይሸለማል። በዚህ አሠራር ፋይል ያላሳመረ ሰው ነበር ሥልጠና የሚያሻው። ጎድሏል የሚባለው አፈጻጸም እንዲያውም ፍጹም ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም የተጠየቀውን በትክክል ፈጽሟል። የተጠየቀው ወረቀት ነበር።

ሰነድ ጨርሶ ይቅር የሚል ሰው ግን አልተገኘም፣ ሊገኝም አይገባም። የትምህርት ቤት ድጎማ ገንዘብ የት እንደዋለ መጻፍ አለበት፤ የቀረ ልጅ መመዝገብ አለበት፤ መምህር በርዕሰ መምህሩ ፊት መልክ ብቻ እንዳይመዘን የጽሑፍ መለኪያ ያስፈልገዋል። ፋይሉ ያጠፋው ነገር ቢኖር የሥራው ጥላ መሆኑ ቀርቶ ሥራው ራሱ መባሉ ነው። ሰባ ልጅ የሚያስተምር መምህር ቅዳሜውን ለፖርትፎሊዮ ከሰጠ የሰባውን ደብተር የሚያርምበት ቅዳሜ የለውም። ሰነፍ አይደለም። አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ የሚፈረምበትን መረጠ።

እንዲያው ለወጉ ያህል አማራጭ ይቅረብ ከተባለ፣ ከላይ የተጠቀሰችው የንባብ ምዘና አለች። ኢንስፔክተሩ እንደደረሰ፣ ሻይ ሳይቀርብለት፣ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል የስም መጥሪያ ላይ በዕጣ አሥር አሥር ልጆች ይጥራ፤ ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን አንድ ገጽ በቋንቋቸው ያስነብባቸው፤ ያነበቡት ምን እንደሚል ይጠይቃቸው። ከዚያ በኋላ ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ «ካላነበቡት መካከል አስቀድመህ የምታውቀው ስንቱን ነው፣ ምንስ አደረግህ?» የትምህርት ጥራቱም የአመራሩም ምዘና በግማሽ ቀን አለቀ። እርግጥ የታሪክ አዋቂ ይህን ሊያፈርስ ይችላል። እንግሊዞች በ1862 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ የትምህርት ቤቱን ድጎማ ኢንስፔክተር ፊት ከሚደረግ የንባብ፣ የጽሕፈትና የስሌት ፈተና ጋር አሰሩት። ልጆቹ የታወቀውን መጽሐፍ ሸምድደው «አነበቡ»፤ ራሱ ኢንስፔክተር የነበረው ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ ይህ አካሄድ ትምህርቱን እንደሚያደርቀው ደጋግሞ ተቃወመ፤ አሠራሩም በ1890ዎቹ ቀረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ገጹ አዲስ ይሁን፣ ከውጤቱም ጋር ደመወዝና ድጎማ አይታሰር። ያላነበቡ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ቅጣት ሳይሆን ተጨማሪ መምህር ይላክለት። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ጉድለቱን የሚደብቅበት ምክንያት ይጠፋል፤ ቢደብቅ የሚቀርበት እርዳታው ነው።

ችግሩ ዘዴው ርካሽ መሆኑ ነው። ባነር አይፈልግም፣ አዳራሽ አይፈልግም፣ የአምስት ቀን የውሎ አበልና የአሠልጣኞች ሥልጠናም አያስከትልም፤ ስለዚህ በዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ በየትኛው የበጀት ርእስ እንደሚያዝ ማንም አያውቅም። ደግሞም ውጤቱ «ደረጃ 2» ተብሎ በክብር የሚነገር አይደለም፤ «ከአሥሩ ልጆች ስድስቱ አላነበቡም» ተብሎ ለወላጅ በግልጽ አማርኛ ይነገራል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር ስሙን ጽፎ የሚፈርም ኃላፊ እስኪገኝ ድረስ ባለው መቀጠል ይሻላል። የሚቀጥለው ኢንስፔክሽን ሲቃረብ ቀለም ስለሚወደድ ከአሁኑ ይገዛ።